ከመልሱ ወደ ጥያቄው፦ የግልባጭ ፋንክሽን ዳሰሳ

ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ስለ ግልባጭ ፋንክሽን (ተማሪዎች «ኢንቨርስ» ስለሚሉት) ምን እንደሚያስታውስ ቢጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚመጣለት አንድ ዘዴ ነው፤ ሁለቱን ፊደላት አቀያይር፣ ከዚያ እኩልታውን ፍታ። ዘዴው ይሠራል፣ ፈተና ላይም ነጥብ ያስገኛል። ያገኘው ቀመር ምን እንደሚነግረው፣ ለምን እንደሚጠቅም፣ ሁልጊዜስ ይገኝ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን መልስ የሚያጥረው ብዙ ነው። ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ስኩዌር ሩት፣ ሎጋሪዝም፣ አርክሳይን፣ ኋላም በካልኩለስ የሚመጡት ብዙ ነገሮች የቆሙት በዚህ አንድ ሐሳብ ላይ ነው። እዚህ የተሸመደደ ነገር እዚያ ሄዶ ይሰበራል።

የእኔ አቋም አጭር ነው። ግልባጭ ቀመር ከመሆኑ በፊት ጥያቄ ነው፤ «ይህ ውጤት የመጣው ከየትኛው ግብዓት ነው?» የሚል ጥያቄ። ጥያቄው አንድ መልስ ብቻ እንዳለው ሳያረጋግጡ ቀመር ፍለጋ መሄድ መንገዱን ከመሃል መጀመር ነው። ፊደል ማቀያየሩም መጨረሻ ላይ የሚመጣ፣ አንዳንዴም ጭራሽ የማያስፈልግ ሥራ ነው።

ከቀላሉ እንነሣ። ግብዓቱን ሸ፣ ውጤቱን ቀ፣ ፋንክሽኑን ፈ እንበል። ፋንክሽን ለእያንዳንዱ ግብዓት አንድና አንድ ብቻ ውጤት የሚሰጥ ደንብ ነው። ሴልሺየስን ወደ ፋረንሃይት የሚቀይረው ደንብ ቀ = 1.8ሸ + 32 ነው፤ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲገባ 212 ፋረንሃይት ይወጣል። አሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጅ ግን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ተቃራኒው ነው። ቴርሞሜትሩ የልጁን ትኩሳት 102 ብሎ ያሳየዋል፣ እሱ የሚያውቀው ደግሞ 37 ጤና፣ 39 ሥጋት መሆኑን ነው። ውጤቱ በእጁ አለ፤ የሚፈልገው ግብዓቱን ነው። 32 ይቀንሳል፣ 70 ይቀረዋል፣ ለ1.8 ያካፍላል፣ 38.9 ያገኛል። ሳያውቀው ግልባጩን ሠራ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሥራው ቅደም ተከተል መገልበጡን ልብ ይሏል። ስንሄድ መጀመሪያ በ1.8 አባዝተን ከዚያ 32 ደመርን፤ ስንመለስ መጀመሪያ 32 ቀነስን፣ ከዚያ አካፈልን። አይሱዙ ላይ መጨረሻ የተጫነው ዕቃ መጀመሪያ እንደሚወርደው ነው። በሒሳብ ቋንቋ ሁለት ፋንክሽኖች ተከታትለው ሲሠሩ ግልባጫቸው የየራሳቸው ግልባጭ በተቃራኒ ቅደም ተከተል ነው ይባላል። ይህን ሐሳብ ከልቡ የተረዳ ተማሪ ብዙ ደረጃ ያለውን ቀመር በቃሉ ሊፈታው ይችላል።

አሁን ፊደል ማቀያየሩን እንየው። መጽሐፉ ቀ = 1.8ሸ + 32 የሚለውን ወስዶ ሸ = 1.8ቀ + 32 ብሎ ይጽፋል፣ ከዚያም ቀ = (ሸ − 32)/1.8 ይላል። ቀመሩ ልክ ነው። ነገር ግን ሸ ከአንድ መስመር በፊት ሴልሺየስ ነበር፣ አሁን ፋረንሃይት ሆኗል፤ ቀም እንዲሁ ማንነቱን ቀይሯል። መሃል ላይ የተጻፈችው ሸ = 1.8ቀ + 32 ደግሞ የፊደላቱን የቀድሞ ትርጉም ይዘን ብናነባት ስለ ሙቀት ሐሰት ትናገራለች። እ.ኤ.አ. በ2011 ፍራንክ ዊልሰን፣ ስኮት አዳምሰን፣ ትሬይ ኮክስ እና አለን ኦብራየን የተባሉ አሜሪካውያን መምህራን ለሒሳብ መምህራን በሚታተም መጽሔት ላይ ያነሡት ቅሬታ ይኸው ነበር፤ ፊደል ማቀያየር መጠኖቹ የተሸከሙትን ትርጉም ያጠፋል፣ ስለዚህ እኩልታውን ለግብዓቱ መፍታት ብቻ ይበቃል። ሸ = (ቀ − 32)/1.8 ብሎ መተው ማለት ነው። ሸ ሴልሺየስ እንደሆነ ይቀራል፣ ቀ ፋረንሃይት እንደሆነ ይቀራል፣ የተለወጠው የትኛው ከየትኛው ይገኛል የሚለው ብቻ ነው። በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ማቀያየሩ ግን ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ፋንክሽኑንና ግልባጩን በአንድ ግራፍ ላይ ጎን ለጎን ለማየት ሲፈለግ ሁለቱም ግብዓታቸውን በአግድሙ መስመር፣ ውጤታቸውን በቋሚው ላይ ማስቀመጥ አለባቸው። ያኔ ሁለቱ ግራፎች በቀ = ሸ መስመር ላይ አንዱ የሌላው የመስተዋት ምስል ይሆናሉ። (3፣ 7) በአንዱ ላይ ካለ (7፣ 3) በሌላው ላይ አለ። የሙቀቱን ምሳሌ በዚህ መንገድ ብንሥለው ሁለቱ ቀጥተኛ መስመሮች የሚገናኙት −40 ላይ ነው፤ ሁለቱ መለኪያዎች አንድ ቁጥር የሚናገሩበት ብቸኛ ቦታ። እንዲህ ዓይነቱ ሥዕል ስለ ቁጥሮች ብቻ ስናወራ ውብ ነው። አንዱ መስመር ብር፣ ሌላው ኪሎ ሲሆን ግን ብርን በኪሎ ቦታ ማስቀመጥ ትርጉም አይሰጥም፣ መስተዋቱም አይኖርም።

ከሥዕሉ የሚወለድ አንድ ስሕተት በየፈተናው ይመላለሳል። ፋንክሽንና ግልባጩ ከተገናኙ የሚገናኙት ግድ በቀ = ሸ መስመር ላይ ነው የሚል እምነት አለ። እየጨመረ ለሚሄድ ፋንክሽን እውነት ነው፤ እየቀነሰ ለሚሄድ ግን አይደለም። ቀ = 1 − ሸ³ ብንወስድ 0 ሲገባ 1፣ 1 ሲገባ 0 ይወጣል። ስለዚህ (0፣ 1) እና (1፣ 0) ሁለቱም በፋንክሽኑም በግልባጩም ላይ ይገኛሉ፤ ሁለቱም ከመስመሩ ውጭ ናቸው።

ሐሳቡ ከቀመር በፊት በሠንጠረዥ ውስጥ ነበር። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው በጥሊሞስ «አልማጀስት» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ የክበብ ቅስቶችንና አውታሮቻቸውን በግማሽ ዲግሪ እየዘለለ እስከ 180 ዲግሪ አስፍሯል፣ የክበቡን ሬዲየስ 60 አድርጎ። ማዕዘኑን ይዞ አውታሩን የሚፈልግ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። አውታሩን ለክቶ ማዕዘኑን የሚፈልግ ከቀኝ ወደ ግራ ያነባል። ሌላ ሠንጠረዥ አላስፈለገም። ዛሬ ሳይን እና አርክሳይን የምንላቸው ጥንዶች በዚያ አንድ ገጽ ላይ አብረው ነበሩ።

ጆን ኔፒር እ.ኤ.አ. በ1614 የሎጋሪዝም ሠንጠረዡን ሲያወጣ፣ ሄንሪ ብሪግስም ቆይቶ በ10 ላይ የተመሠረተውን ሲያስፋፋ፣ የሥራው ግማሽ ወደ ኋላ ማንበብ ነበር። ካልኩሌተር ከመስፋፋቱ በፊት የተማሩ ሰዎች ይህን በእጃቸው ያውቁታል። 2ን በ3 ለማባዛት የ2 ሎጋሪዝም 0.3010፣ የ3 ደግሞ 0.4771 መሆኑን ከሠንጠረዡ ያነባሉ፣ ይደምራሉ፣ 0.7781 ይሆናል። ከዚያ 0.7781ን በሠንጠረዡ ሆድ ውስጥ ፈልገው ከዳር ያለውን ቁጥር ያነባሉ፣ 6። ለዚህ ምሳሌ ድካሙ አያዋጣም፤ ለሰባት አኃዝ ቁጥሮች ግን የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎችን ከወራት ድካም ያዳነ ነበር። ወደ ኋላ ማንበብ ባይቻል ኖሮ ሎጋሪዝም ራሱ ከንቱ በሆነ ነበር።

የሚገርመው የታሪኩ ቅደም ተከተል ነው። ዛሬ መጽሐፎቻችን መጀመሪያ የርቢ ፋንክሽንን ያስተምራሉ፣ ከዚያ ሎጋሪዝም የእሱ ግልባጭ ነው ይላሉ። ኔፒር ሠንጠረዡን ሲያወጣ ግን ርቢን ከቁጥሩ በላይ አስቀምጦ የመጻፍ ልማድ ገና አልጸናም፤ ያን ያስፋፋው በ1637 የታተመው የዴካርት ሥራ ነው። ሎጋሪዝምን የርቢ ግልባጭ አድርጎ ያቆመው በ1748 በታተመው መጽሐፉ ኦይለር ነው። ግልባጩ ቀድሞ ተወለደ፣ ፋንክሽኑ ኋላ ተሰየመ። ለማስተማር የኦይለር መንገድ ይሻላል እላለሁ፤ ነገር ግን ሎጋሪዝም በድንገት ከሰማይ የወረደ ምልክት የሚመስለው ተማሪ የሠንጠረዡን ታሪክ በአንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰማ ብዙ ይቀልለዋል።

ምልክቱም የራሱ ታሪክ አለው፣ ዛሬም የሚያደናግረው እሱ ነው። ፈ⁻¹ የሚለውን አጻጻፍ እ.ኤ.አ. በ1813 ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ጆን ኸርሽል ነው፤ ኋላ ላይ ጀርመናዊው ቡርማን ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ነገር ማሰቡን ራሱ ኸርሽል መስክሯል። የኸርሽል አመክንዮ የጠራ ነበር። ፈ² ማለት ፋንክሽኑን ሁለት ጊዜ ማሠራት፣ ማለትም ፈ(ፈ(ሸ)) ከሆነ፣ ፈ⁻¹ ማለት አንድ ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ችግሩ የመጣው የሳይን ስኩዌር የሚጻፍበት ልማድ በሌላ በኩል ስለሄደ ነው። ሳይን ላይ 2 ከላይ ሲጻፍ ውጤቱን በራሱ አባዛ ማለት ነው፤ −1 ከላይ ሲጻፍ ግን ግልባጩ ነው። ተማሪው ሁለቱን በአንድ ገጽ ሲያይ −1ን አንድ ሲካፈል አድርጎ ቢያነበው አይፈረድበትም። ልዩነቱ ግን የትየለሌ ነው። ሳይኑ 0.5 የሆነው ማዕዘን 30 ዲግሪ ነው፤ አንድ ለሳይን 30 ዲግሪ ሲካፈል ደግሞ 2 ነው። ካልኩሌተሩ ላይ ያለው −1 የተጻፈበት ቁልፍ የሚሰጠው የመጀመሪያውን ነው። መምህራን ቢያንስ በመጀመሪያው ወር አርክሳይን፣ አርክኮሳይን፣ አርክታንጀንት እያሉ ቢጽፉ ብዙ ዕንባ ይቀራል።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ግልባጭ መቼ አለ? ለዚህ እኛ ኢትዮጵያውያን በየቀኑ የምንኖርበት ምሳሌ አለን። የውጭውን ዓመተ ምሕረት ሰጥቼ የእኛን ዓመት ብጠይቅ አንድ መልስ የለም። 2024 የሚለው የፈረንጆች ዓመት ከታኅሣሥ ማገባደጃ እስከ ጳጉሜን ድረስ 2016 ዓ.ም. ነው፣ ከመስከረም ወዲህ 2017 ዓ.ም. ነው። ከእኛ ወደ እነሱም ብንሄድ ያው ነው፤ 2016 ዓ.ም. ከ2023ም ከ2024ም ጋር ይገጥማል። ዓመት ለዓመት ስናዛምድ በየትኛውም አቅጣጫ ፋንክሽን እንኳ አናገኝም። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን አሟልተን ስንሰጥ ግን እያንዳንዱ ቀን አንድና አንድ አቻ አለው፣ ወዲያም ወዲህም። ዝምድናው አንድ ለአንድ ሆነ፣ ግልባጩም ተገኘ። የተለወጠው የሰጠነው መረጃ ብዛት ብቻ ነው።

ሰዓታችን ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። በባለ 12 ሰዓት ፊት ላይ በእኛ 3 ሰዓት የሆነው በእነሱ 9 ነው፤ 6 ደመርን። በእነሱ 9 የሆነውን ወደ እኛ ለመመለስ ስንት እንቀንስ? 6 ብንቀንስም፣ 6 ብንደምርም፣ 12ን ካለፍን እንደገና ከ1 ስለምንቆጥር፣ የምንደርሰው 3 ላይ ነው። ይህ የራሱ ግልባጭ የሆነ ፋንክሽን ነው፤ ሁለት ጊዜ ብታሠራው ወደ ተነሣህበት ይመልስሃል። በአልጀብራ ቀ = (3ሸ + 5)/(ሸ − 3) እንዲህ ነው፤ ለሸ ቢፈታ ያው ቀመር ይመለሳል። እጅ የለመደ ተማሪ እንዲህ ያለ መልስ ሲያገኝ ተሳስቻለሁ ብሎ ሊሰርዘው ይፈልጋል። አይሰርዘው።

ትምህርት ቤት ውስጥ የአንድ ለአንድነት ምርመራ የሚታወቀው በአግድም መስመር ፈተና ነው። ግራፉን የትኛውም አግድም መስመር ከአንድ ጊዜ በላይ ካልነካው ፋንክሽኑ አንድ ለአንድ ነው። ፈተናው ጥሩ ነው፣ ግን ዓይን የሚያየውን ብቻ ነው የሚመልሰው። የሚጠይቀው ነገር በቃል ሲነገር ይጠልቃል፤ አንድ ውጤት ሁለት አባት አለው ወይ? ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ ሁለተኛ መስፈርት ይጨመራል፤ ይደርስባቸዋል የተባሉት ውጤቶች ሁሉ በእርግጥ ይደረስባቸው። የፕሪካልኩለስ መጽሐፎች የግልባጩን ዶሜን (የሚቀበላቸውን ግብዓቶች) የፋንክሽኑ ሬንጅ (የሚያወጣቸው ውጤቶች) ብቻ አድርገው ስለሚወስዱ ይህ መስፈርት ሳይነገር ይሟላል። ተማሪው ግን በአንደኛ ዓመት ትርጉሙ ተለወጠብኝ ብሎ ይደነግጣል። አልተለወጠም፤ ሳይነገር የነበረው ተነገረ እንጂ።

አንድ ለአንድ ያልሆነውን ፋንክሽን ምን እናድርገው? ኳስ በሴኮንድ 20 ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቢወረወርና የስበትን ፍጥንጥነት በግምት 10 ብንይዝ፣ ከሸ ሴኮንድ በኋላ ከፍታው ቀ = 20ሸ − 5ሸ² ሜትር ነው። ኳሱ 15 ሜትር ላይ መቼ ነበር? በ1ኛው ሴኮንድ ሲወጣ፣ በ3ኛው ሴኮንድ ሲወርድ። ጥያቄው ሁለት መልስ አለው። እኩልታውን ለሸ ብንፈታ ሸ = 2 ± √(4 − ቀ/5) እናገኛለን፤ ያቺ ± ሁለቱን ጉዞዎች የያዘች ናት። «ሲወጣ» ካልን ከ0 እስከ 2 ሴኮንድ ያለውን ብቻ እንወስዳለን፣ ምልክቱም − ይሆናል። «ሲወርድ» ካልን ከ2 እስከ 4፣ ምልክቱም +። ብዙ ተማሪዎች ± ሲያዩ + መርጠው ያልፋሉ፣ ለምን እንደመረጡ ግን አያውቁም። ምርጫው የሚመጣው ከዶሜኑ ነው፣ ዶሜኑ ደግሞ ከጥያቄው። ይህችን አንዲት ነጥብ ለማስረዳት ሙሉ ሳምንት ቢወሰድ አልከፋም።

ትሪጎኖሜትሪ ላይ ምርጫውን ያደረጉልን ሌሎች ናቸው። ሳይን በየ360 ዲግሪው ስለሚደጋገም 0.5 የሚሰጡ ማዕዘኖች መጨረሻ የላቸውም። በስምምነት አርክሳይን ከ−90 እስከ 90 ዲግሪ፣ አርክኮሳይን ከ0 እስከ 180 ዲግሪ ይመልሳሉ። ስለዚህ የ150 ዲግሪ ሳይን 0.5 ነው፤ አርክሳይን 0.5 ግን 30 እንጂ 150 አይመልስም። ካልኩሌተሩ አልተሳሳተም፣ ከተስማሙበት ክልል ውስጥ ያለውን መለሰ። ስምምነት መሆኑን ለማየት አርክሴካንትን ማየት ይበቃል፤ የተለያዩ መጽሐፎች እስካሁን የተለያየ ክልል ይመርጡለታል።

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ በየቢሮው የሚሠራ ግልባጭ ልውሰድ፤ ከእሱ የበለጠ ትምህርት የሚሰጥ ምሳሌ አላውቅም። ሥራ የሚቀጠር ሰው የሚደራደረው አብዛኛውን ጊዜ በኔት ነው፤ «በእጄ ይህን ያህል ይድረሰኝ» ይላል። ውሉ ላይ የሚጻፈው ግን ግሮስ ነው። የሰው ኃይል ሠራተኛው ከኔት ወደ ግሮስ መመለስ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ወጥቶ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየውን የሥራ ግብር እንይ፤ መጠኖቹ በኋላ ተሻሽለዋል፣ የሒሳቡ አሠራር ግን ያው ነው። በዚያ አዋጅ ከ5,250 ብር በላይ እስከ 7,800 ያለው ደመወዝ 25 በመቶ ተባዝቶ 565 ይቀነስለታል፣ ከ7,800 በላይ እስከ 10,900 ያለው 30 በመቶ ተባዝቶ 955 ይቀነስለታል፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ ሆኖ 1,500 ይቀነስለታል። ሠራተኛው ለጡረታ 7 በመቶ ይከፍላል። አበል የሌለበትን ደመወዝ እንውሰድና ግሮሱን ግ፣ ኔቱን ኔ እንበል። በ25 በመቶው ዕርከን ኔ = 0.68ግ + 565፣ በ30ው ኔ = 0.63ግ + 955፣ በ35ው ኔ = 0.58ግ + 1,500 ይሆናል።

ተቀጣሪው 7,000 ብር ኔት ይፈልጋል እንበል። ቸኩሎ የሚሠራ ሰው 7,000 ከ5,250 በላይና ከ7,800 በታች ነው ብሎ የ25 በመቶውን ቀመር ይገለብጣል፤ ከ7,000 ላይ 565 ቀንሶ ለ0.68 ያካፍላል፣ ግሮስ 9,463 ብር ያገኛል። ይህ ቁጥር ግን ራሱ ከ7,800 በላይ ነው! ግብሩ ሲሰላ በ30 በመቶ ይቆረጣል፣ ተቀጣሪውም 7,000 አይደርሰውም። ስሕተቱ ከስሌቱ ሳይሆን ከዶሜኑ ነው። ዕርከኖቹ የተጻፉት በግሮስ ነው፤ ግልባጩ ግን ግብዓቱ ኔት ስለሆነ የዕርከኖቹ ድንበሮችም ወደ ኔት መለወጥ አለባቸው። ግሮስ 7,800 ሲሆን ኔቱ 5,869 ነው፣ ግሮስ 10,900 ሲሆን ኔቱ 7,822 ነው። ስለዚህ ከ5,869 እስከ 7,822 ያለ ኔት ሁሉ የሚመለሰው በ30 በመቶው ቀመር ነው። 7,000 ሲቀነስ 955፣ 6,045፤ ለ0.63 ሲካፈል 9,595.24 ብር። ወደ ፊት ብንፈትሸው ግብሩ 1,923.57፣ ጡረታው 671.67፣ የሚቀረው 7,000 ብር ነው።

መጽሐፍ ላይ «የፋንክሽኑ ሬንጅ የግልባጩ ዶሜን ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ደረቅ ሆኖ ይነበባል። እዚህ ላይ ግን የአንድ ሰው የወር ገቢ ነው። ኔቱ ከግሮሱ ጋር ሁልጊዜ አብሮ የሚጨምር መሆኑም በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ግብሩ የተሠራው ዕርከን ሲያልፉ የሚጨምረው መቶኛ ከድንበሩ በላይ ባለው ገንዘብ ላይ ብቻ እንዲያርፍ ተደርጎ ነው። ያ ባይሆን ኖሮ ደመወዙ አድጎ ኔቱ የሚቀንስበት ሰው ይኖር ነበር፣ አንድ ኔትም ሁለት ግሮስ ይኖረው ነበር፣ ግልባጭም አይኖርም ነበር።

የተገኘውን ግልባጭ መፈተሽ ሌላው የሚዘነጋ ነገር ነው። ፈትሹ ሲባል ተማሪዎች በአንድ በኩል ብቻ ያስገባሉ። ስኩዌር ማድረግንና ስኩዌር ሩትን ብንወስድ፣ 9ን ስኩዌር ሩት አድርገን ስኩዌር ብናደርገው 9 ይመለሳል፤ −3ን ስኩዌር አድርገን ስኩዌር ሩት ብንወስድ ግን 3 እንጂ −3 አይመለስም። በአንዱ አቅጣጫ ያለፈ በሌላው ወደቀ። ሁለቱም አቅጣጫ ሲያልፍ ብቻ ነው ግልባጭ የሚባለው።

ሩሃማ ኢቨን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው ጥናት መምህር ለመሆን የሚሠለጥኑ ተማሪዎች ስለ ግልባጭ ያላቸውን ግንዛቤ መርምራለች። ካቀረበቻቸው ጥያቄዎች አንዱ ፈ(ሸ) = 2ሸ − 10 ነው፣ ግልባጩ (ሸ + 10)/2 ነው፤ 512.5ን በፈ አሳልፈን ውጤቱን በግልባጩ ብናሳልፍ ምን እናገኛለን የሚል ነበር። ግልባጭ ምን እንደሆነ የገባው ሰው ምንም ሳያሰላ 512.5 ይላል። በቁጥር እየተኩ ያሰሉ ግን ነበሩ። ትክክለኛ መልስ ሰጡ፣ ጥያቄው ምን እንደጠየቃቸው ግን አላዩም። ይህ ነጥብ ልቤን ይነካዋል፤ ወደፊት የሚያስተምሩት እነሱ ናቸውና። በዚያው ዓመት የሒሳብ ትምህርት ተመራማሪው ዱቢንስኪና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ትንታኔ ምክንያቱን በከፊል ያሳያል። ፋንክሽንን ቁጥር የሚተካበት ቀመር አድርጎ ብቻ የሚያይ ሰው ጉዞውን ወደ ኋላ ሊያስበው ይቸግረዋል፤ ከግብዓት ወደ ውጤት የሚሄድ አንድ ሙሉ ሂደት አድርጎ የሚያየው ግን ሊገለብጠው ይችላል።

የእኛ አገር የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ምርጫ ያለው መሆኑ ሽምደዳን ያበረታታል ይባላል። ግልባጭ ላይ ግን ተቃራኒው እውነት ሊሆን ይችላል። የቀ = (2ሸ + 3)/(ሸ − 4) ግልባጭ ከአራት ምርጫዎች ውስጥ ተሰጥቷል እንበል። 5ን በፋንክሽኑ ብናሳልፍ 13 ይወጣል። አሁን 13ን በየምርጫው እናስገባና 5 የሚመልሰውን እንፈልግ። (4ሸ + 3)/(ሸ − 2) ውስጥ ሲገባ 55 ለ11፣ ማለትም 5 ይሰጣል። ሌሎቹ 5 ካልሰጡ ተጣሉ። ይህን ያደረገ ተማሪ አቋራጭ የያዘ ይመስላል፣ በእርግጥ ግን የግልባጭን ትርጉም ነው የተጠቀመው። በሙሉ መንገድ መሥራቱም ከባድ አይደለም፤ በሸ − 4 አባዝቶ ሸ ያለባቸውን ወደ አንድ ወገን መሰብሰብ ነው። ዶሜኑ 4ን አይጨምርም፣ ሬንጁ ደግሞ 2ን፤ በግልባጩ ላይ እነዚህ ቦታ ይለዋወጣሉ።

መጨረሻ ላይ የቀረው ጥያቄ በፕሪካልኩለስ ብዙም አይነሣም፣ ቢነሣ ግን ከሁሉ ይልቅ ዓይን የሚከፍት ነው። ግልባጭ መኖሩ ሌላ፣ ቀመር ያለው መሆኑ ሌላ። ቀ = ሸ⁵ + ሸ ሁልጊዜ እየጨመረ የሚሄድ ነው፣ ስለዚህ አንድ ለአንድ ነው፣ ግልባጭም አለው። ሆኖም ለሸ ለመፍታት የሚሞክር ሰው ይታገላል፤ በአራቱ ስሌቶችና በሩት ብቻ ለየትኛውም ቀ የሚሠራ ቀመር የለውም። ኖርዌጂያዊው ኒልስ አቤል እ.ኤ.አ. በ1824 አጠቃላይ አምስተኛ ርቢ እኩልታ እንዲህ ያለ ቀመር እንደማይኖረው አረጋግጧል። ቁጥሩን ማግኘት ግን ይቻላል። 10 የሚሰጠው ሸ የቱ ነው? 1.5 ብናስገባ 9.09፣ 1.6 ብናስገባ 12.09፤ በመካከላቸው ነው። 1.53 ይሰጣል 9.91፣ 1.535 ይሰጣል 10.06። 1.533 አካባቢ ነው። ፊደል አቀያይሮ ለቀ ፍታ የተባለ ተማሪ እዚህ ላይ ግልባጭ የለውም ብሎ ወረቀቱን ያስረክባል፤ ከውጤቱ ወደ ግብዓቱ ተመለስ የተባለ ተማሪ ግን 1.533 ይዞ ይመጣል።

ኬፕለር የገጠመውም ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1609 ፕላኔቶች በሞላላ ምሕዋር እንደሚዞሩ ሲያሳይ ጊዜንና ቦታን የሚያገናኝ እኩልታ አገኘ፤ ጊዜውን የሚወክል ማዕዘን እኩል ይሆናል ቦታውን የሚወክል ማዕዘን ሲቀነስ የምሕዋሩ መሞላል ልክ በቦታው ሳይን ተባዝቶ። ቦታውን የሚያውቅ ጊዜውን በአንድ መስመር ያሰላል። የሚፈለገው ግን ተቃራኒው ነው፤ ዛሬ ማታ ማርስ የት ናት? ግልባጩ አለ፣ ግን የሚጻፍ አጭር ቀመር የለውም። የማርስ ምሕዋር መሞላል 0.0934 ገደማ ነው። የጊዜው ማዕዘን 1 ራዲያን ሲሆን የቦታውን 1 ነው ብለን ገምተን የሳይኑን 0.0934 እጥፍ በ1 ላይ ብንደምር 1.0786 እናገኛለን፣ ያንን መልሰን ብናስገባ 1.0823፣ እንደገና 1.0825፣ ከዚያ በኋላ አራተኛው አኃዝ አይነቃነቅም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ምሕዋራቸውን ለተቀባዮች የሚያሠራጩት በኬፕለር ቋንቋ ስለሆነ፣ ቦሌ ላይ መንገድ የሚፈልግ ስልክም ቦታውን ለማወቅ ይህንኑ እኩልታ ለእያንዳንዱ ሳተላይት እየደጋገመ ወደ ኋላ ይፈታል።